«ኢንጆይ» ላይ ተጣብቀናል፣ እባካችሁ እርዱን

ሰላም ወገኖች። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ማታ ማታ (መብራት ካለ) የስድስተኛ ክፍል ልጄን እንግሊዝኛ አስጠናታለሁ።

ሰሞኑን «አይ ኢንጆይድ» ብላ ጽፋ ነጥብ አደረገችበት። መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ «ምኑን?» ብለው መለሱት። እኔ ጥፋቱ አልታየኝም፤ እኛ «ተዝናናሁ» ብለን እናቆም የለ እንዴ? ጎረቤቴ እንዳስረዳችኝ ቃሉ ያስደሰተንን ነገር ማስከተል አለበት፦ «አይ ኢንጆይድ ዘ ሆሊዴይ»። የሚከተል ነገር ከሌለ «ማይሰልፍ» ይጨመርበታል። ግስ ሲከተለው ደግሞ «ቱ ሪድ» ሳይሆን «ሪዲንግ» ነው አለች። እሺ፣ እዚህ ድረስ ገብቶኛል።

ታዲያ የካፌው አስተናጋጅ ማኪያቶውን አስቀምጦ «ኢንጆይ!» ብሎን ሲሄድ እንዴት ብቻውን ቆመ? ልጅቷ ይህንኑ ጠይቃኝ አፌን ያዝኩ። ደግሞስ «ወጡ ጣመኝ»፣ «ጨዋታው ደስ አለኝ»፣ «ላንጋኖ ተዝናናን» የሚሉትን ሁሉ በዚሁ አንድ ቃል ልበላቸው? እናቴን ቡና አቅርቤ «ኢንጆይ አርጊ» ብላት «ምን አርጊ ነው የምትለኝ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሰኞ ፈተና አላት። ሁለት ሦስት የዘወትር ዓረፍተ ነገር ብትጽፉልኝ?