ላየን ኪንግ የቱ ይታይ? በተደገሙ ፊልሞች ላይ የተነሳ ክርክር

ጦሳ ሥር፦

ሰላም ለሁላችሁም። የሚቀጥለው እሁድ ማታ ደሴ ላይ በፕሮጀክተር የምናሳየው ፊልም ላየን ኪንግ እንዲሆን ተስማምተናል። ሰው ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ያልተስማማነው የቱ ይሁን በሚለው ላይ ነው። በእጅ የተሳለው የ1994ቱ አለ። በኮምፒውተር እንደ አዲስ የተሠራው የ2019ኙ አለ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ።) ከዚህ ተነስተን ወደ ትልቁ ጥያቄ ገባን። ሆሊዉድ የድሮውን እየደገመ፣ ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት እያለ መቀጠሉ ፊልምን ይጠቅመዋል ወይስ ይገድለዋል? እዚሁ ተከራክረን እንጨርሰው።

የኔን ላስቀድም። የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ከሥራ መልስ አረፍ ብዬ የማይ ተራ ተመልካች ነኝ። መድገም በራሱ ጥፋት ነው ብዬ አላምንም። ይህን ደግሞ የወሎ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የተጠሩት በዚሁ በኛ አገር ስም ነው። አምባሰልን ስንቱ ተጫወተው! "ይሄማ ተደግሟል" ብሎ ተነስቶ የወጣ ሰው አላየሁም። ግን ከዘፋኙ የምንጠብቀው ነገር አለ። ዜማው የሁላችን ነው፣ ግጥሙ ግን የራሱ እንዲሆን እንፈልጋለን። የራሱን ስንኝ ይዞ ካልመጣ ጆሮ አንሰጠውም። ፊልምንም የምመዝነው በዚሁ ነው። ለእሁዱ የ1994ቱ ይታይ ባይ ነኝ። ምክንያቴን እመለስበታለሁ።

የሐይቅ ልጅ፦

ወንድሜ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፣ ግን አልስማማም። አንዱ አምባሰልን ስለዘፈነ ሌላው አዲስ ዘፈን እንዳያወጣ አይከለከልም። ሆሊዉድ ሲደግም ግን የአዲሱን ታሪክ ቦታ ነው የሚወስደው። እስቲ 2024ን እዩት። በዓለም ብዙ ገንዘብ ካስገቡት 10 ፊልሞች ዘጠኙ የሌላ ፊልም ቀጣይ ወይም ቅድመ ታሪክ ናቸው። ኢንሳይድ አውት 2፣ ሞአና 2፣ ሙፋሳ፣ ዱን ክፍል ሁለት፣ ኩንግ ፉ ፓንዳ 4፣ እያለ ይቀጥላል። የቀረው አንዱ ዊኪድ ነው፣ እሱም ከመድረክ የመጣ ነው። ታዲያ አዲስ ነገር የጻፈ ሰው በየት በኩል ይግባ?

ጆከርን ደግሞ ተመልከቱ። የ2019ኙ ጀምሮ የጨረሰ ፊልም ነበር። ምንም የሚጨመርበት ነገር አልነበረውም። ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ስላስገባ ብቻ በ2024 ሁለተኛውን አመጡልን። ወጪውን ሦስት እጥፍ ገደማ አሳደጉት፣ ዘፈን ጨመሩበት፣ ያስገባው ግን ወደ 200 ሚሊዮን ነው። እኔን ያናደደኝ የነሱ ኪሳራ አይደለም። አሁን የመጀመሪያውን ሳየው ሁለተኛው ይመጣብኛል። የምወደውን ነገር ነው ያበላሹብኝ።

የወልድያው፦

ቶፕ ጋን ማቬሪክን ያየ ሰው ሁሉንም በአንድ ላይ አይጠቀልልም። የመጀመሪያው በ1986 ወጣ፣ ሁለተኛው በ2022። 36 ዓመት! ስሙ ሲሞቅ ለመብላት ብቻ ቢሆን በ1988 ይሠሩት ነበር። ቶም ክሩዝ ዕድሜው ገፍቷል፣ ፊልሙም ይህን አይደብቅም። ተዋናዮቹ የተቀረጹት እውነተኛ ጄት ውስጥ ከፓይለቱ ኋላ ተቀምጠው ነው። ፊታቸው ሲጣመም ትወና እንዳይመስላችሁ፣ የፍጥነቱ ጫና ነው።

ከሁሉ አንጀቴን የበላው ግን የቫል ኪልመር ትዕይንት ነው። ሰውየው በጉሮሮ ካንሰር ምክንያት ድምፁን አጥቶ ነበር። በፊልሙም እሱ የሚተውነውን አይስማንን ታሞ እናገኘዋለን። ክሩዝ ያወራል፣ እሱ ኮምፒውተር ላይ እየጻፈ ይመልስለታል። ከዚያ ከመቀመጫው ይነሳና በዚያ በሻከረ ድምፅ ጥቂት ቃላት ይናገራል። ይተቃቀፋሉ። በ1986 አንዱ ሌላውን ዓይኑን ማየት የማይፈልጉ ሁለት ጎረምሶች ነበሩ እነዚህ። ኪልመር በ2025 አረፈ። የሐይቅ ልጅ፣ እስቲ ንገረኝ፦ ይህን ትዕይንት ከክፍል ሁለት በቀር ምን ዓይነት ፊልም ሊሰጠን ይችላል?

ሸዋ በር፦

ነገሩን አታክብዱት። ሰው ፊልም የሚያየው ለመዝናናት ነው። የሚያውቀውን ገጸ ባሕርይ እንደገና ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ ከ2001 ጀምሮ እየመጣ ነው፣ ሁሉንም አይቻለሁ፣ የሚቀጥለውንም አያለሁ። ለእሁዱ የ2019ኙ ይሁን። ጥራቱ የትየለሌ ነው።

ቧንቧ ውሃ፦

ሆሊዉድ ብቻ እያላችሁ ነው እኮ። ብዙዎቻችን ፊልምን የለመድነው በህንድ ነው። ወንዶቹ ቪዲዮ ቤት ገብተው፣ እኛ ሴቶቹ እቤት በካሴት። ዴቭዳስን ህንዶቹ በ1935፣ በ1955፣ ከዚያም በ2002 ሠርተውታል። የትኛውም የሌላውን ቦታ አልነጠቀም።

ስለ መድገም ካነሳን ግን ዶንን አለማንሳት ነውር ነው። ያላየ ካለ ይህን አንቀጽ ይዝለል፣ መጨረሻውን ልናገር ነው። በ1978ቱ አሚታብ ባችቻን ሁለት ሰው ሆኖ ይተውናል። ዶን የሚባለው ወንበዴ ይሞታል። ፖሊሱ ቁርጥ እሱን የሚመስል ቪጃይ የሚባል ምስኪን ሰው ያገኝና በቦታው ይተካዋል። ይህን ታሪክ ህንድ ፊልም የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። በ2006 ሻሩክ ካን ሲሠራው ታሪኩ በዚያው መንገድ ይሄዳል። እኛም "ቪጃይ ነው" ብለን እንሳሳለታለን፣ እንጨነቅለታለን። መጨረሻ ላይ ግን ያ ስንጨነቅለት የቆየነው ሰው ራሱ ዶን ሆኖ ይገኛል! የሞተው ምስኪኑ ነው። አዲሱ ፊልም ያታለለን የድሮውን ስለምናውቅ ነው። የድሮውን ያላየ ሰው የኛን ያህል አይደነግጥም። ጦሳ ሥር ያልከው የራስ ስንኝ ማለት ለኔ ይሄ ነው።

መምህር ከኮምቦልቻ፦

እንደ አስተማሪ አንድ ነገር ልጨምር። የሐይቅ ልጅ ኢንሳይድ አውት 2ን ከዘጠኙ አንዱ አድርጎ ቆጠረው። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን ፊልሙን ተመልከተው እስቲ። በ2015ቱ ልጅቷ 11 ዓመቷ ነበር፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ደስታና ሐዘን ይጣላሉ። በ2024ቱ 13 ሞላት፣ ጭንቀት የምትባል አዲስ ስሜት መጣችባት። ልጅ አደገ፣ ታሪኩም አደገ። ለቀጣይ ፊልም ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላውቅም።

ልጅቷ በሆኪ ጨዋታ መሀል ተቀጥታ ለብቻዋ የምትቀመጥበት ቦታ አለ። ልቧ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ውስጧ ጭንቀት መቆጣጠሪያውን ይዛ እንደ አውሎ ነፋስ ትሽከረከራለች፤ ማቆም ፈልጋም አልቻለችም። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሲደርስ የማያቸው ልጆች እንደዚያ ናቸው። ወረቀቱ ፊታቸው ተቀምጦ እጃቸው አይታዘዝም። "አጥና" ከማለት በቀር የምንላቸው ጠፍቶን ቆይቷል። ያ ፊልም ግን ምን እየሆኑ እንዳሉ በዓይናቸው አሳያቸው። ስለዚህ "2" የሚል ቁጥር ስላለበት ብቻ አትጣሉት።

ብላክ ፓንተርም አለ። ዋና ተዋናዩ ቻድዊክ ቦስማን በ2020 ሲሞት በሌላ ተዋናይ ሊተኩት ይችሉ ነበር። አልተኩትም። የ2022ቱ ዋካንዳ ፎረቨር የሚጀምረው እሱ በተወነው ገጸ ባሕርይ ቀብር ነው፣ ሁሉም ነጭ ለብሶ። ፊልሙ እንደ መጀመሪያው የተሳካ አይደለም፣ ይረዝማል። ያ ለቅሶ ግን የእውነት ነው።

ጦሳ ሥር፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ወደ ላየን ኪንግ ልመለስ፣ ምክንያቴን አልተናገርኩም።

ሙፋሳ ሞቶ ሲምባ የሚያገኘውን ትዕይንት ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አቧራው ገና አልጠራም። ግልገሉ አባቱን በጭንቅላቱ ይገፋዋል። ጆሮውን ይጎትታል። መልስ የለም። በ1994ቱ በዚህ ጊዜ የሲምባን ቅንድብ እዩት። መጀመሪያ አባቱ የሚጫወት መስሎት ይጠብቃል። ከዚያ ቅንድቡ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ዓይኑ ይሰፋል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ እንባው ግጥም ይላል። በመጨረሻ በአባቱ ክንድ ሥር ገብቶ ይተኛል። ሳሉት እንጂ አልቀረጹትም፣ ስለዚህ የአንበሳን ፊት እንደ ሰው ልጅ ፊት ማናገር ቻሉ።

የ2019ኙ ያንኑ ይሠራል። ያው ሸለቆ፣ ያው አቧራ። የሙፋሳ ድምፅ እንኳ ያው ነው፣ በሁለቱም ጄምስ ኧርል ጆንስ ነው። ግን እውነተኛ አንበሳ እናሳያለን ብለው ተነሱ፣ አሳኩትም። ጸጉሩ አንድ በአንድ ይታያል። ችግሩ እውነተኛ አንበሳ ቅንድቡን አይሰበስብም። ድምፁ ያለቅሳል፣ ፊቱ ዝም ብሏል። የመጀመሪያው በ88 ደቂቃ የጨረሰውን ይሄኛው 118 ደቂቃ ወስዶበታል። በተጨመረው ግማሽ ሰዓት ስለ ሲምባ የማላውቀውን ነገር አልነገረኝም። ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፣ እሱን አልክድም። ስንኝ ግን አልነበረውም።

ሸዋ በር፦

አንተ በልጅነትህ ስላየኸው ነው እንደዚህ የምትለው። ልጄ የ2019ኙን ሲያይ "አባዬ፣ እውነተኛ አንበሳ ያወራል!" ብሎ ከሶፋው ዘሎ ተነሳ። የድሮውን ሳሳየው "ካርቱን ነው" ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። የሚመጡት ልጆች የዛሬ ልጆች ናቸው። ለእኛ ትዝታ ብለን እነሱን እናሰልች?

ቧንቧ ውሃ፦

ሸዋ በር፣ ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው፣ ግን አንድ ነገር ረስተሃል። የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ እንግሊዝኛውን አይከተሉም። የተተረጎመ የለንም። ያንተ ልጅ አጠገቡ የሚያስረዳው አባት ነበረው። አዳራሽ ውስጥ ያንን ሁሉ ልጅ ማን ያስረዳዋል? በ2019ኙ ፊታቸው ስለማይናገር ንግግሩን ያልሰማ ልጅ ማን ተቆጣ፣ ማን ፈራ፣ አይለይም። ሙፋሳና ስካር የሚባለው ክፉ ወንድሙ እንኳ ጨለማ ሲሆን ይምታቱበታል። በ1994ቱ ግን ስካር ገና ብቅ ሲል ተንኮለኛ መሆኑን የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቃል። ድምፁን ብናጠፋው እንኳ ታሪኩ ይገባል። የህንድ ፊልምን ያለ ትርጉም ያየን ሰዎች ይህን እናውቃለን። ፊት ካለ ቋንቋ አያስፈልግም።

የወልድያው፦

በዚህ አሸነፍሽኝ። ድምፄ ለ1994ቱ።

የሐይቅ ልጅ፦

ለእሁዱ እኔም 1994 ብያለሁ። ትልቁን ጥያቄ ግን አለቅም። ኢንሳይድ አውትና ቶፕ ጋን ጥሩ መሆናቸውን ተቀብያለሁ። እኔ የማወራው ስላልተሠሩት ነው። አንድ ትልቅ ፊልም 200 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል፣ ማስታወቂያው ደግሞ ለብቻው ነው። ያን ያህል ገንዘብ የያዘ ሰው ይፈራል። ሲፈራ ሰው የሚያውቀውን ስም ይመርጣል። ድሮ በመካከለኛ ወጪ የሚሠሩ ፊልሞች ሲኒማ ቤት ባይሳካላቸው በዲቪዲ ያገግሙ ነበር። ዲቪዲው ሲሞት እነሱም መንገድ አጡ። ስለዚህ ወይ በጣም ትልቅ ወይ በጣም ትንሽ ሆነ፣ መሀሉ ባዶ ነው።

ሰው አዲስ ነገር አይፈልግም የሚባለው ግን ልክ አይደለም። ብላክ ፓንተርን የሠራው ራያን ኩግለር በ2025 ሲነርስን አወጣ። ክፍል ሁለት አይደለም፣ ከመጽሐፍም አልተወሰደም። ከ360 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። መንገዱ ከተከፈተለት ሰው ይመጣል። እኔን የሚያሳስበኝ የኛዎቹ ልጆች ናቸው። እዚሁ ደሴና ኮምቦልቻ ካሜራ ይዘው የሚለፉ ወጣቶች አሉ። ያዩት ሁሉ የተደገመ ከሆነ እነሱም የሚያወጡት የአዲስ አበባን ኮሜዲ ግልባጭ ነው። የባቲ ገበያ፣ የሐይቅ ጀልባ፣ የቦርከና ገበሬ ፊልም ውስጥ መቼ ይግባ?

ጦሳ ሥር፦

በዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ። ስንኝ የሌለው ድግም ላይ ያለኝ ተቃውሞም ከዚያው ነው የሚመጣው። እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። የፊታችን እሁድ የ1994ቱ ላየን ኪንግ። ሸዋ በር፣ ልጅህን ይዘህ ና፣ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው። በሚቀጥለው ሁለቱ ዶኖች ተከታትለው ይታዩ፣ ቧንቧ ውሃ ከመሀል ሁለት ቃል ትበልልን፣ መጨረሻውን ግን ለማንም እንዳትነግሪ። ከዚያ በኋላ ያለው እሁድ ለአገራችን ልጆች ነው። አጭርም ይሁን ረጅም፣ ድምፁ ቢቆራረጥም፣ ራሱ የጻፈውን የሠራ ልጅ ፍላሹን ይዞ ይምጣ። የሐይቅ ልጅ፣ የምታውቃቸውን የማምጣቱ ሥራ ያንተ ነው።

የሐይቅ ልጅ፦

እሺ። ሁለት ልጆች አውቃለሁ፣ ዛሬውኑ እደውልላቸዋለሁ። መምህር፣ እርስዎም ከተማሪዎችዎ የሚጽፍ ካለ ይላኩልን።