ቪትዝ ልገዛ ነው፣ ሻጩ ዋጋ አልቀንስ አለኝ

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ጎበዝ። ኮምቦልቻ አንድ ሻጭ ጋ የ2003 ሞዴል ቪትዝ መኪና አገኘሁ። 1.7 ሚሊዮን አለኝ፣ 1.5 ስለው ሳቀብኝ። ደላላው ደግሞ በጆሮዬ «ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ ነው» ይለኛል። ሦስት ቀን ሙሉ ያን ሰውዬ አላየሁትም። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። መጀመሪያ ሻጩን ከጎንህ አስቀምጠህ ወደ ደሴ ሽቅብ ንዳው። ሜዳ ላይ ዝም ያለ ሞተር ዳገቱ ላይ ይናዘዛል። ዓይንህን ከሙቀት መለኪያው አትንቀል። የእኔዋ ዶልፊን ሚኒባስ ልገዛት ስሞክራት ግማሽ መንገድ ላይ ፈላች። ሻጩ ወላሂ ጀሪካን ይዞ ውሃ ሲለምን ነበር! እዚያው 60 ሺህ ቀነሰልኝ።

መልስ፦ መኪናው ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው (ከባለቤትነት ደብተሩ) ጋር አስተያይ። ስም ማዛወሪያውንና የደላላውን ኮሚሽን ማን እንደሚከፍልም ቀብድ ሳትሰጥ ተነጋገር። እኔ ዋጋ አስቀነስኩ ብዬ ስኩራራ ሁለቱም በእኔ ላይ ወደቁ።

ጠያቂ፦ ዛሬ ነዳሁት። ሙቀቱ ንቅንቅ አላለም፣ ፍሪሲዮኑ ግን ሸተተ። ሻጩም አፍንጫውን ያዘ። 1.62 ደርሰናል፣ ስም ማዛወሪያው በእሱ። ደላላው ስልኬን ማንሳት ትቷል።