መኪናዬን ሰባብረው ከጥቅም ውጪ ካደረጉብኝ በኋላ፦ የኢንሹራንስ ጥቆማ

ሰሞኑን «የትኛው ኢንሹራንስ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ደጋግሜ አያለሁ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «እነ እገሌ ጋ ርካሽ ነው» ነው። እኔ ክፍያው እንዳይበዛብኝ ብዬ ብዙ ብር ስላጣሁ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ባለፈው መጋቢት ገርጂ፣ ደጃችን ላይ የቆመችውን ቪትዝ ሌሊት ሰባበሩብን። የቀራት መስታወት የለም። ሁለቱም ስፖኪዮ ረግፏል፣ ኮፈኑ ተፈልቅቆ ገመዶቹ ተበጣጥሰዋል፣ ወንበሩ ላይ እሳት ለኩሰው ዳሽቦርዱ ቀልጧል። የተሰረቀ ነገር ግን የለም። ይህች «የተሰረቀ የለም» የምትለው ነገር ሽፋን ስትመርጡ ትልቅ ጉዳይ ናት።

መጀመሪያ ስለዚያ ጠዋት። ጎረቤቶቻችን ደግ ናቸው፣ ወዲያው መጥረጊያ ይዘው ስብርባሪውን ሊጠርጉልን ወጡ። አስቆምኳቸው፣ ደግ አደረግኩ። ምንም ሳይነካ ከየአቅጣጫው ፎቶና ቪዲዮ አንሱ፣ ታርጋው ይታይ። እኔ የተሳሳትኩት ትራፊክ ፖሊስ ጠርቼ ግማሽ ቀን መጠበቄ ነው። ይሄ ግጭት አይደለም፣ ወንጀል ነው፤ ስለዚህ ቀጥታ ሰፈራችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ቃል ስጡ፣ ማስረጃ በጽሑፍ ጠይቁ። ኢንሹራንሱንም በዚያው ቀን አሳውቁ። የንግድ ሕጉ 5 ቀን ይሰጣል፣ ግን አምስተኛውን ቀን አትጠብቁ። ስልክ ብቻ አይበቃም፣ ደብዳቤ አስገብታችሁ ቅጂው ላይ «ደርሶናል» አስብላችሁ ማኅተም አስመቱ። ኢንሹራንሱ የሚልከው ጉዳት ገማች ሳያያት በክሬን አስነስታችሁ ጋራዥ እንዳታስገቡ።

አሁን ወደ ሽፋኖቹ። ሦስተኛ ወገን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፣ ሁላችንም አለን፣ ግን የሚከፍለው እኛ በሌላ ሰው ላይ ላደረስነው ጉዳት ነው። የራሳችሁ መኪና ብትደቅ አምስት ሳንቲም አታገኙም። ስቲከሩ መስታወቱ ላይ ስላለ ብቻ «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል ስንት ሰው አለ መሰላችሁ! እሳትና ስርቆት የሚጨመርበት ደግሞ አለ። ዋጋው ያጓጓል። ግን መኪናችሁ ሳትቃጠልና ሳይሰረቅባችሁ እንዲሁ ብትደበደብ ምን እንደሚሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የእኔ ሙሉ ሽፋን (የራስን መኪና ጉዳትም የሚከፍለው) ባይሆን ኖሮ እሳት የነካው ዳሽቦርድ ብቻ ተቆጥሮ፣ ሌላው ሁሉ «ይሄ ስርቆት አይደለም» ተብሎ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ምርጫዬ ሙሉ ሽፋን ነው፣ ግን ውሉን አንብባችሁ። «ሆን ተብሎ የደረሰ ጉዳት» የሚል ነገር በግልጽ መኖሩን እዩ። ከዚያ ገጹን ገልብጣችሁ የማይሸፈኑትን አንብቡ። ሁከት፣ አድማ፣ ብጥብጥ ብዙውን ጊዜ እዚያ ጋ ነው የሚገኙት። አንድ ሰካራም መኪናችሁን ቢሰብራትና ሰልፍ የወጣ ሰው ቢሰብራት ለእናንተ ያው ነው፣ ለኢንሹራንሶቹ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። በሰኔ 2012 ሻሸመኔና ሌሎች ከተሞች ውስጥ ንብረት ሲቃጠል ይህን ልዩነት በመከራ የተማረ ሰው ብዙ ነው። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ሽፋን ተብሎ ተጨማሪ አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ተከፍሎበት ለብቻው ይገባል። መኪናው መንገድ ላይ የሚያድር ወይም ክፍለ ሀገር የሚመላለስ ሰው ይህን ባይተው ደስ ይለኛል።

የእኔ ትልቁ ጥፋት ግን ሌላ ነው። መኪናዋን በ2014 ስገዛ በ950 ሺህ ብር አስመዘገብኳት፣ ከዚያ በየዓመቱ በዚያው ዋጋ አሳደስኩ። ወኪሉም «አረቦኑ እንዳይበዛብህ እንዳለ ይሁን» አለኝ። በመሃል ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፣ በቤንዚን የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡም ከዚያ በፊት ተከልክሎ ነበር፣ የመኪና ዋጋ ሰማይ ወጣ። የጋራዦቹ ፕሮፎርማ ሲመጣ ጥገናው ከ950 ሺህ በለጠ፣ ጠቅላላ ጉዳት ተባለ፣ ማለትም ከመጠገን ይልቅ የተመዘገበው ዋጋ ይከፈላል። ኤክሰሱ (ከእያንዳንዱ ካሳ ላይ ባለመኪናው ራሱ የሚሸከመው ድርሻ) ተቀንሶ ተከፈለኝ። አራት ወር ፈጀ። እንደሷ ያለች ቪትዝ ግን በዚያ ሰዓት ወደ እጥፍ ትጠራ ነበር! ብሩን ይዤ ልገዛት አልቻልኩም።

ግማሽ ጉዳት ቢሆን ደግሞ ሊብስ ይችል ነበር። 1 ሚሊዮን 900 ሺህ የምታወጣ መኪና በ950 ሺህ ከተመዘገበች፣ ውላችሁ ላይ ያነሰ ዋጋ ማስመዝገብን የሚመለከት አንቀጽ ካለ ለ200 ሺህ ብር ጥገና የሚሰጧችሁ 100 ሺህ ነው፣ ከዚያም ላይ ኤክሰስ ይቀነሳል። በየዓመቱ ስታሳድሱ የገበያ ዋጋ አጠያይቃችሁ አስተካክሉ። አብዝታችሁ ብታስመዘግቡም ግን አትጠቀሙም፣ ካሳው ከመኪናው እውነተኛ ዋጋ አያልፍም።

ድርጅት በሚመለከት፦ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት የመንግሥት ነው፣ በየክልሉ ቅርንጫፍ አለው፣ አዲስ አበባ የማይኖር ወይም ብዙ የሚጓዝ ሰው ቢያስብበት ጥሩ ነው። አዋሽ፣ ኒያላ፣ ናይል፣ ኅብረት፣ አፍሪካ፣ ንብ... የግሎቹ ብዙ ናቸው። ስም ከመምረጥ በፊት ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፦ ኤክሰሱ ስንት ነው፣ በብር ነው በፐርሰንት? ጋራዥ የሚመርጠው ማነው? ካሳ የሚጠይቅ ሰው የሚያናግረው ማንን ነው? የካሳ ክፍሉን ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩት፣ ወረፋ ከሚጠብቁት ሰዎች ጋር አውሩ። እኔ አሁን የማደርገው ይህንን ነው።

ወኪል ወይስ ደላላ? ወኪል የሚሸጠው የኩባንያውን ነው። ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሰጠው የኢንሹራንስ ደላላ ግን ከብዙ ኩባንያ ዋጋ ያመጣላችኋል፣ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ከኩባንያው ነው። አሁን በደላላ ነው የገባሁት። የካሳ ወረቀት ሲመጣ አብሯችሁ የሚያነብ ሰው መኖሩ በጣም ያሳርፋል።

ቅሪቱስ፣ የተሰባበረችው መኪና ራሷ? ሁለት ምርጫ ሰጡኝ፦ መኪናዋን አስረክቤ ሙሉውን መውሰድ፣ ወይም 250 ሺህ ተቀንሶ ቅሪቱን ማስቀረት። ከመፈረሜ በፊት የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ የሞተሩንና የካምቢዮውን ዋጋ ጠየቅኩ። ብልጫ ስለነበረው አስቀረሁት። ግን ሸጬ ለመጨረስ ሦስት ወር ለፋሁ፣ የማምነው መካኒክ ባይኖረኝ አልሞክረውም ነበር። ጊዜ የሌላችሁ አስረክቡ። በሁለቱም መንገድ ሊብሬና ታርጋው በመንገድ ትራንስፖርት በኩል በስማችሁ እንዳይቀር ጨርሱ። መኪናው በባንክ ብድር ከሆነ ባንኩ ነው ቅድሚያ የሚከፈለው፣ ቶሎ አነጋግሩት።

ግምቱ ካልተዋጠላችሁ «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል» የሚለው ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ካልሆነ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ አለ፣ ፍርድ ቤትም አለ። በንግድ ሕጉ ይርጋው (ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ገደብ) 2 ዓመት ነው፣ «ነገ ና» ሲሏችሁ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ልጆች፣ ባትሪው ሲጎዳ እንዴት እንደገመቱላችሁ እባካችሁ ጻፉ። እህቴ ልትገዛ ነው፣ ይህን የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።