ሐሙስ የባየር ኦዲተር ይመጣል፤ እውነቱን ብናገር ምን ይደርስብኛል?

ላይን ሰባት

ሰላም ለሁላችሁ። ከአራብሳ በሰርቪስ እየተመላለስኩ ልብስ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። ስፌት ላይ ነኝ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ሐሙስ የውጭ ገዢያችን (ባየር) አሠራራችንን እንዲፈትሹ የላካቸው ኦዲተሮች ይመጣሉ ከተባለ ወዲህ ሌላ ቤት የተቀጠርኩ ነው የመሰለኝ። ሽንት ቤት ሳሙና ተቀምጧል። ባዶውን ተሰቅሎ የኖረው የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ዛሬ ፋሻ ሞልቶታል። ከስፌት ክፍሉ ጀርባ ያለው፣ ዘወትር ካርቶን ተቆልሎበት የሚውለው በርም ተከፈተ፤ ለካ እዚህ ቤት ነፋስ አለ ብለን ተሳሳቅን። ሽንት ቤት ለመሄድ ላይኑ (በአንድ መስመር የምንሰፋው ሁሉ) የሚቀባበላት አንዲት ካርድ ነበረች። እሷንም ሰበሰቧትና «ካርድ የሚባል ነገር የለም በሉ» አሉን።

ሱፐርቫይዘሯ ቁጭ አድርጋ አስጠናችን። ኦቨርታይም ትሠራላችሁ ወይ ሲሏችሁ፣ «በፈቃዳችን ነው፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም» በሉ። እኔ ባለፈው ወር ሦስት እሁድ ገብቻለሁ፣ ሌላውን ቀን ማታ 3 ሰዓት ነው የምወጣው። የደመወዝ ስሊፔ ላይ የወጣው ግን ግማሹ እንኳ አይሆንም።

ቢጠሩኝ እውነቱን ልናገር? ብናገርስ ማን ይሰማኛል? ልጅ አለኝ፣ ኪራይ አለብኝ።

ቃሊቲ

እህቴ፣ ዝም በይ። እኔ ሐዋሳ ልብስ ፋብሪካ ነበርኩ። በ2014 ታኅሣሥ አሜሪካ ከአጎአ (ያለ ቀረጥ ወደ እሷ ከምንልክበት ዕድል) ስታስወጣን ምክንያቱ የሰብአዊ መብት ጥሰት ነው ተባለ። ጥሰት አልነበረም አልልም። ግን ከቀረጥ ነፃው ሲቀር ትዕዛዝ ቀነሰ፣ ትዕዛዝ ሲቀንስ የተሰናበተው ማን ነው? ሚኒስትር አልተሰናበተም። ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የመጡ፣ አራት ሆነው አንድ ክፍል የተከራዩ ልጆች ናቸው ሻንጣቸውን ይዘው መናኸሪያ የቆሙት። ፈረንጅ ስለ መብት ባወራ ቁጥር ሂሳቡ የሚወራረደው በእኛ ነው። አስጠኑሽ አይደል? ያስጠኑሽን በይ፣ ደመወዝሽን ተቀበይ።

የድሮ ኮምፕሊያንስ

ቃሊቲ፣ ንዴትህ ይገባኛል፣ ምክርህ ግን አይዋጥልኝም።

እኔ በዚያኛው ወገን ነበርኩ፣ ለኦዲተር ፋይል የማዘጋጀው ሰው። አልኮራበትም። የሰዓት መዝገብ ሁለት ነበር፣ አንዱ የእውነት፣ አንዱ የእንግዳ። ኦዲተሩ አንድ ሁለት ቀን ነው የሚቆየው፣ ብዙ ጊዜ ክፍያውንም የሚሸፍነው ፋብሪካው ራሱ ነው። ታዲያ ቡና እየጠጣ ያቀረብኩለትን ቢያምን ምን ይገርማል?

ላይን ሰባት፣ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ኦቨርታይሙ አይደለም። ያ በር ነው። ካራቺ ውስጥ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የሚባል ልብስ ፋብሪካ ነበር። እሳት የተነሳበት በፈረንጆች መስከረም 2012 ነው። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። መስኮቱ ፍርግርግ፣ መውጫው የተቆለፈ ነበር። ይሄ ፋብሪካ ከእሳቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ «ደህንነቱ የተጠበቀ» የሚያሰኝ ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት ተቀብሏል! ወረቀቱ አለ፣ በሩ ግን አይከፈትም። ዋናው ገዢ የጀርመኑ ልብስ ሻጭ ድርጅት ኪክ ነበር። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ፣ አሁንም በፈረንጆች፣ በ2016 ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ለመክፈል ተስማማ። ተጎጂዎች ጀርመን ዶርትሙንድ ድረስ ሄደው ከሰውትም ነበር፣ ፍርድ ቤቱ በ2019 «በይርጋ ታግዷል»፣ የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ብሎ መለሳቸው።

ሌላም ልንገርሽ። ያ ኦቨርታይም ከሱፐርቫይዘሯ ብቻ የመጣ እንዳይመስልሽ። ገዢው ዋጋ ይቆርጣል፣ ጭነቱ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኢሜይል ይልክና ቀለም ይቀይራል፣ መላኪያው ቀን ግን ንቅንቅ አይልም። ካለፈ በአውሮፕላን ላኩ፣ ወጪው የእናንተ ነው ይላል። ያ ለውጥ የት ይገባል? ሌሊታችሁ ውስጥ ነው የሚገባው። ከዚያ ያው ድርጅት ኦዲተር ልኮ ለምን አመሻችሁ ይላል። ይሄ ነገር ዛሬም ያበግነኛል።

ለሐሙስ፦ የሚያናግሩሽ ቢሮ ከሆነና በሩ ላይ የፋብሪካው ኤች አር (የሰው ኃይል ክፍል) ከቆመ፣ ጀግና አትሁኚ። ስልክ ቁጥር የሚሰጡ ኦዲተሮች አሉ። ተቀብለሽ ከሰፈር፣ በሌላ ሰው ስልክ ደውዪ። ብቻሽንም አትሁኚ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ዓይነት ነገር ብትናገሩ ማን እንደተናገረ አይታወቅም።

ግማሽ ጠበቃ

ሕጉን በአጭሩ፣ አዋጅ 1156/2011 ነው። መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት። ኦቨርታይም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያው እስከ ማታ 4 ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከዚያ በኋላ 1.75፣ በዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል። ስለዚህ እሁዶችሽ በእጥፍ ነው የሚታሰቡት። የኦቨርታይም ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፣ አታዘግዪው። የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት በየቀኑ ደብተር ላይ ጻፊ፣ ስሊፖችሽን አትጣይ።

የገዢው አገር የትኛው ነው? ጀርመን ከሆነ በፈረንጆች ከ2023 ጀምሮ የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ አላቸው፤ ድርጅቶች አቅራቢዎቻቸው ጋ ያለውን የሠራተኛ መብት እንዲከታተሉ የሚያስገድድ ነው። መጀመሪያ 3,000 ሠራተኛ ያላቸውን ይመለከት ነበር፣ ከ2024 ወዲህ ወደ 1,000 ወርዷል። እነዚህ ድርጅቶች የቅሬታ መቀበያ የመክፈት ግዴታ አለባቸው፣ የአቅራቢ ፋብሪካ ሠራተኛም ሊጠቀምበት ይችላል። ፈረንሳይም በፈረንጆች ከ2017 ጀምሮ የራሷ ተመሳሳይ ሕግ አላት። ካሳ ኪስሽ ይገባል እያልኩ አይደለም፣ የጀርመኑ ያንን መብት አይሰጥም። ግን «አልሰማንም» ማለት ይከብዳቸዋል። ለዚህ የምትሰፊው ልብስ ላይ ያለው የብራንድ ስምና የስታይል ቁጥር ያስፈልግሻል።

ቃሊቲ

የጀርመን ሕግ አራብሳ ድረስ ታክሲ የለውም ወንድሜ 😄 እሷ የምትባረረው ቅዳሜ ነው፣ መልሱ የሚመጣው ለፋሲካ።

ግማሽ ጠበቃ

እውነትህን ነው፣ ይዘገያል። ለዚህ ነው መጀመሪያ የሠራተኛ ማኅበር አላችሁ ወይ ልላት የነበረው። በማኅበር ተሳትፈሻል ተብሎ ማባረር እዚሁ አገር ሕግ የተከለከለ ነው። ከሌላችሁ ኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) ሄዳችሁ እንዴት እንደሚቋቋም ጠይቁ።

ላይን ሰባት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ቃሊቲንም ጭምር፣ ፍርሃቱ የራሴ ስለሆነ አልተቀየምኩህም።

ሐሙስ መጡ። እኔን አልጠሩኝም። የተጠሩት ከተቀጠሩ ሁለት ወር ያልሞላቸው ልጆች ናቸው፣ ማን እንደመረጣቸው አላውቅም። አንዷ ስትመለስ «ምን አልሽ?» አልናት። «ያስጠኑኝን» ብላ ማሽኗ ላይ አቀረቀረች። አልፈረድኩባትም።

እኔና ሦስት ጓደኞቼ ሰዓታችንን ደብተር ላይ መጻፍ ጀምረናል። ዓርብ ጠዋት ስንገባ ሳሙናው የለም፣ ካርዷ ተመልሳለች፣ ካርቶኑም በሩ ላይ ተቆልሏል። ካርቶኑ ጎን ላይ የገዢው ስም፣ የስታይል ቁጥሩና የሚላክበት ከተማ በትልቁ ታትሟል። ስልክ ጥበቃ ጋ ነው የምናስረክበው፣ ስለዚህ እንዴት እንደተነሳ አትጠይቁኝ። ብቻ በሩም ካርቶኑም በአንድ ፎቶ ገብተዋል። ግማሽ ጠበቃ፣ ከተማው የጀርመኗ ሀምቡርግ ነው የሚለው። የት ነው የምልከው?