ባለቤቴና እናቴ አንድ ክፍል ገብተው እንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ሁለቱም ማቆም ፈልገዋል

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ባለቤቴና እናቴ ወደ ሜሪላንድ ከመጡ ስምንት ወራቸው ነው። ባለቤቴ ደሴ 12ኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ሰው ሲያናግራት ግን ዝም ትላለች። እናቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ፊደል አልቆጠሩም። ነጻ የምሽት ትምህርት አስመዝግቤያቸው አንድ ክፍል መደቧቸው። ባለቤቴ «የማውቀውን ነው የሚያስተምሩኝ» ትላለች፤ እናቴ «ለእኔ ዘመኑ አልፏል» ብለው መሄድ ትተዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

ወንድሜ፣ የባለቤትህን ዝምታ እንደ ስንፍና አትቁጠርባት። እኔም እንደ እሷ ነበርኩ። አገር ቤት እንግሊዝኛ የተማርነው በዓይንና በእጅ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ሒሳቡም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን። ብሔራዊ ፈተናውም የሚጠይቀው ትክክለኛውን መልስ መምረጥ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት «የት ትኖሪያለሽ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ያናገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ዱባይ ሄጄ ሰው ቤት አምስት ዓመት ሠራሁ። አሠሪዎቼ ከልጆቻቸው ጋር የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነበር፤ አብራኝ ከምትሠራው ፊሊፒናዊት ጋርም ሌላ መግባቢያ አልነበረንም። ጆሮዬ የተከፈተው እዚያ ነው። ነገር ግን ያ ቤት የሰጠኝ እንግሊዝኛ የትእዛዝ ነበር፦ አምጪ፣ እጠቢ፣ ቶሎ በዪ። የእኔ ድርሻ «የስ ማዳም» ብቻ። ቨርጂኒያ መጥቼ መምህርቷ «አጠገብሽ ያለችውን ሦስት ነገር ጠይቂያት» ስትለኝ አፌ ተሳሰረ። ቃሉን አጥቼው አልነበረም፤ በዚያ ቋንቋ መጠየቅ ለእኔ የተፈቀደ መስሎ አልታየኝም ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ጥያቄ ጠይቄ እንደማላውቅ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን አጣራ፦ ሲመዘገቡ የተሰጠው የደረጃ መለኪያ በንግግር ነበር ወይስ በጽሑፍ? በንግግር ከሆነ ዝም ስላለች ከጀማሪዎች ጋር መድበዋት ይሆናል። እንደገና እንድትፈተን መጠየቅ ትችላለህ።

ቃላቱን በእኛ ፊደል ጽፋ የምትይዝ ከሆነም አስተዋት። የእንግሊዝኛው በግም መርከብም በፊደላችን ሲጻፉ «ሺፕ» ናቸው። እኛ «አለ»ን ስናላላውና ስናጠብቀው ትርጉሙ እንደሚለወጥ፣ እነሱ ደግሞ አናባቢውን ሲስቡትና ሲያሳጥሩት ቃሉ ሌላ ይሆናል። 15ንና 50ን በጆሮዬ መለየት አቅቶኝ፣ ሆቴል ስሠራ 315 ተብዬ 350 ቁጥር ክፍልን አጽድቼ ተመልሻለሁ። ይህ ከመጽሐፍ አይገኝም፤ ደጋግሞ በመስማት ብቻ ነው።

ስለ ሥራም ልንገርህ። እዚህ መጀመሪያ የሠራሁት መኪና ማቆሚያ ነበር፤ አለቃውም ሠራተኛውም የእኛው ሰዎች። እንደ ቤተሰብ ተቀበሉኝ፣ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። በሁለት ዓመት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አልጨመርኩም። ባለቤትህ ሥራ የምትፈልግ ከሆነ ደሞዙ ትንሽ ዝቅ ቢልም እንኳ የሌላ አገር ሰዎች የሚበዙበትን ብትመርጥ እመርጥላታለሁ።

የእናትህ ጉዳይ ሌላ ነው። ማንበብንና ባዕድ ቋንቋን በአንድ ጊዜ ነው የጫኑባቸው። አስቀድመው በሚያውቁት ቋንቋ ሀሁን ይቁጠሩ፤ ምልክት ድምፅ እንደሚወክል አንዴ ከገባቸው የላቲኑ ፊደል ይቀላቸዋል። እንግሊዝኛውን እስከዚያው በቃል ይልመዱት፦ ስማቸውን፣ አድራሻቸውን፣ የአውቶቡሱን ቁጥር። የአሜሪካ ዜግነት የእንግሊዝኛ ፈተናም አያስጨንቃቸው። ለንባቡ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን በትክክል ማንበብ፣ ለጽሕፈቱም ከሦስት አንዱን መጻፍ ነው የሚጠበቀው፤ ማመልከት የሚችሉትም በአብዛኛው ግሪን ካርድ ከያዙ ከአምስት ዓመት በኋላ ነውና ጊዜ አላቸው። ዕድሜው 55 የሞላና በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ ሰው ደግሞ ከእንግሊዝኛው ፈተና ነጻ ነው፤ የታሪኩንና የመንግሥቱን ጥያቄ በአስተርጓሚ በአማርኛ ይመልሳል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሃለሁ፦ ሐኪም ቤት ልጆችህን አስተርጓሚ አታድርግ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የእናቱን የማህፀን ሕመም ለሐኪም ሲተረጉም አይቻለሁ፤ የእሷም የእሱም ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እናትህ የመጀመሪያ እንግሊዝኛቸው «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ይሁን።

መልስ፣ ከካልጋሪ፦

እህታችን ባለችው ላይ ትንሽ ልጨምር። እዚህ ካናዳ ሊንክ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ትምህርት ቋሚ ነዋሪ በነጻ ይማራል፤ ወጪውን የሚሸፍነው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ማንበብ ለማይችሉ አዋቂዎች የተለየ ክፍል ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ አማቴ የተማሩት በዚያ ነው። እናንተም ጋ እንዲህ ያለ ክፍል እንዳለ ጠይቅ፤ ካልጠየቅህ ማንም አይነግርህም።

ከጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴን ጠየቅኳት፤ መለኪያው በንግግር ነበር፣ እሷም አንድ ቃል አልመለሰችም። ሰኞ እንደገና ትፈተናለች። እኔ የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ እናቴን ሀሁ የሚያስቆጥርልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚችል ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ።