የአዲስ ገቢ ተማሪዎች አቀባበል፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ጸሐፊ፣ ድሬስደን
ሰላም ለሁላችሁም። በማኅበራችን ጉባኤ እንደተስማማነው፣ ዘንድሮ ወደ ጀርመን ለትምህርት ለሚመጡ ልጆች የምናደርገውን አቀባበል በዚህ እንጨርስ። በካዝናችን 2,900 ዩሮ አለ። በረቂቁ 1,700 ለእንቁጣጣሽ ዝግጅት ተይዟል፣ ቀሪው ለመመሪያ ጽሑፍና ለመጓጓዣ ነው። እስከ ዓርብ ሐሳባችሁን ስጡ።

የማስተርስ ተማሪ፣ አኽን
እንቁጣጣሽ መስከረም 1 ነው። ያን ጊዜ አዲስ ገቢው አዲስ አበባ ቪዛ እየጠበቀ ነው። ትምህርት የሚጀመረው ጥቅምት ላይ ነው፤ ቪዛው የዘገየበት ኅዳርም ይገባል። ለእነሱ ብለን የምንደግሰውን የምንበላው እኛ ነባሮቹ ነን ማለት ነው።

እኔ ስደርስ ብሎክድ አካውንቴ (ለቪዛ ሲባል ቀድሞ የሚሞላው ዝግ የባንክ ሒሳብ) ላይ 11,904 ዩሮ ነበር፣ በኪሴ ግን 140 ብቻ። ያ ገንዘብ በወር 992 እየሆነ የሚለቀቀው እዚህ የባንክ ሒሳብ ከተከፈተ በኋላ ነው። የሄድኩበት ባንክ የአንሜልዱንግ (የመኖሪያ አድራሻ ምዝገባ) ወረቀት አምጣ አለኝ። አንሜልዱንግ ለማድረግ ደግሞ አከራይ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። አከራዩ በበኩሉ ማስያዣ ይፈልጋል፤ ሕጉ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ድረስ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። እንዲህ ስሽከረከር አምስት ሳምንት አለፈ። ገንዘብ እያለኝ ነው የተራብኩት። ያን ጊዜ 500 ዩሮ የሚያበድረኝ ሰው ባገኝ ሁሉም በአንድ ሳምንት ያልቅ ነበር። ስለዚህ 1,700ው ወደ ብድር ይዙር።

ሒሳብ ያዥ፣ ፍራንክፈርት
ወንድሜ፣ ያልከው ገብቶኛል። ነገር ግን የዓመቱ መዋጮ የሚሰበሰበው በእንቁጣጣሽ ነው። ድግሱን ጨርሰን ካስቀረነው ለከርሞ የሚበደር ገንዘብም አይኖርም። ደግሞስ ብድሩ ባይመለስ? እኔ ነኝ ለጉባኤው መልስ የምሰጠው።

የማስተርስ ተማሪ፣ አኽን
ብሎክድ አካውንቱ በየወሩ ስለሚለቀቅ ተበዳሪው በወር 100 እየመለሰ በአምስት ወር ይጨርሳል። እንደ እቁብ ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ለሚቀጥለው ይከፍላል። ቤተሰቡን እንዲጠይቅ አንተወው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን፣ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ብዙ ወላጅ ያንን ዩሮ የሞላው ተበድሮ ነው። ልጁ «አለቀብኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ለመደወል ያፍራል፤ እኔም አልደወልኩም።

አንጋፋ አባል፣ ላይፕዚግ
ልጆቼ፣ ስለ ገንዘቡ የምትሉት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ሌላ ነው። በ1974 ዓ.ም. እዚህ ስመጣ በሄርደር ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ ተምረን ነው ወደየትምህርታችን የተበተንነው። የምናድረው አንድ ማደሪያ፣ የምንበላው አንድ ላይ። ከአገር ቤት ደብዳቤ ለመድረስ ሳምንታት ይወስዳል። ናፍቆት አንገበገበኝ እንጂ ብቻዬን አልነበርኩም። የዛሬው ልጅ እናቱን በየቀኑ በቪዲዮ ያያል፣ በእንግሊዝኛ ይማራል፣ ጎረቤቱን ግን ሰላም የሚልበት ቋንቋ የለውም። ታኅሣሥ ሲመጣ በርሊን ላይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ያኔ ነው ክፍሉን ዘግቶ የሚቀረው።

ለእያንዳንዱ አዲስ ገቢ በከተማው ያለ አንድ ታላቅ ይመደብለት። በሳምንት አንድ ቀን ይደውልለት፣ በአስራ አምስት ቀን አንዴ በአካል ያግኘው። «ደህና ነኝ» ሲል አትመኑት፤ ምን በላህ ብላችሁ ጠይቁት።

የዶክትሬት ተማሪ፣ ጎቲንገን
ጋሼ ያሉትን እደግፋለሁ። መመሪያው ግን ይጠር፤ አርባ ገጽ የሚያነብ አዲስ ገቢ የለም። መጀመሪያ የፖስታ ሳጥኑ ይጻፍ። ፖስተኛው ደብዳቤ የሚጥለው ሳጥኑ ላይ ባለው ስም ነው፣ በክፍል ቁጥር አይደለም። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ አንዱ መሥሪያ ቤት የአባቴን፣ ሌላው የአያቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው መዘገቡኝ። ሳጥኑ ላይ የራሴን ስም ብቻ ለጥፌ ነበርና የባንክ ካርዴም የኢንሹራንስ ደብዳቤዬም ተመላሽ ሆኑ። ሦስቱንም ስም ለጥፉ በሏቸው።

የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያውም ይግባ፤ በወር 18.36 ዩሮ ነው፣ የሚከፈለው ግን በቤት እንጂ በሰው አይደለም። አብረው የሚኖሩት ከከፈሉ ያንን ጽፎ መመለስ ይበቃል። ዝም ያለ ሰው ግን ዕዳው ይከማችበታል። ቀጠሮ ስንሰጣቸውም «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» የሚለውን እኛው ቀድመን እንናገር፤ አንዲት ልጅ ጣቢያ ላይ ስድስት ሰዓት ጠብቃኛለች፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለ ድግሱ፦ ጥቅምት ላይ በጀርመን ሰዓቱ ወደ ኋላ ከዞረ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ይሁን። ሥጋው ቀርቶ ሽሮ፣ ምስርና አትክልት ይቅረብ። ያኔ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ ይበላል፣ ወጪውም ይቀንሳል።

ሒሳብ ያዥ፣ ፍራንክፈርት
እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። መስከረም 1 ቡናና ዳቦ ብቻ፣ 200 ዩሮ፤ መዋጮውን በዚያው እሰበስባለሁ። ለጥቅምቱ 600። ለብድር 1,500፣ ለአንድ ሰው እስከ 500። የተበዳሪው ስም ከእኔና ከታላቁ ሌላ ማንም አያየውም፤ ይህ በጽሑፍ ይግባልኝ።

ጸሐፊ፣ ድሬስደን
ገብቷል። የቀረው 600 ለመጓጓዣና ለሕትመት ይሁን፤ መመሪያው ከሁለት ገጽ አይበልጥም። የታላቆችን ዝርዝር እስከ ነሐሴ መጨረሻ ላኩልኝ። እስካሁን ከሃኖቨርና ከብሬመን ማንም አልተመዘገበም።

የዶክትሬት ተማሪ፣ ጎቲንገን
ሃኖቨር በባቡር ከእኔ ሩቅ አይደለም፣ ሌላ እስኪገኝ እኔን ጻፉኝ። ትርፍ ፍራሽም አለኝ፤ ከመስከረም 15 ጀምሮ ቤት ያላገኘች እህት ካለች ትምጣ።