የምስጋና ልምምድ ለፈረቃ ሠራተኞች፦ ጭንቀትን የሚያቀልለው እንዴት ነው?

የታቦር ጤና (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ ክፍል ተጋርተው ለሚኖሩ የስፌት ሠራተኞች ስለ ጭንቀት አጭር ትምህርት እያዘጋጀን ነው። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ በፈረቃው ምክንያት እንቅልፋቸው ተዛብቷል። የምስጋና ልምምድንም (የሚያመሰግኑበትን ነገር እያስታወሱ መጻፍን) ልናካትት አስበናል። በሰውነት ላይ የሚሠራው በምን መንገድ ነው? በተግባርስ እንዴት፣ በየስንት ጊዜው ይሠራ? «እኛ እኮ ቀን ከሌት ተመስገን እንላለን» ለሚሉትስ ምን ብንመልስ ይሻላል?

ነርስ ዘሐዋሳ
ከሰውነቱ ልጀምር። ሥጋት ሲመጣ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ትከሻና አንገት ይወጠራል። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ይጠቅማል። ጉዳት የሚያመጣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ሐሳቡ ሲመላለስ ነው፤ ሱፐርቫይዘር ቀን የተናገራት ቃል ማታ ፍራሽ ላይ ስትብሰለሰል ሰውነት አሁንም አደጋ ላይ ያለ ይመስለዋል። ምስጋና የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ከመተኛት በፊት የሚመጣውን ሐሳብ ያለዝባል፤ አመስጋኝ ሰዎች ቶሎ እንቅልፍ እንደሚወስዳቸውና የተሻለ እንደሚተኙ በጥናት ታይቷል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማከላ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በሳምንት አንዴ እስከ 5 የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች የጻፉ ተማሪዎች፣ የሚያበሳጫቸውን ከጻፉት ይልቅ የሕመም ስሜታቸው ቀንሷል፤ የአካል እንቅስቃሴም አብዝተዋል። ይህን የተናገሩት ግን ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ በመሣሪያ አልተለካም። ስለዚህ «ኮርቲሶል በዚህን ያህል በመቶ ይወርዳል» የሚል ቁጥር ለሠልጣኞች አትስጡ።

አማካሪ
ስለ አሠራሩ ልጨምር። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። መጀመሪያ 3 ደቂቃ ያህል፣ 4 ሰከንድ አየር ማስገባት፣ 6 ሰከንድ ቀስ ብሎ ማስወጣት፤ አወጣጡ ሲረዝም ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደው ቬገስ ነርቭ የልብ ምትን ያረጋጋል። ከዚያ በዕለቱ የሆኑ 3 መልካም ነገሮችን ከነምክንያታቸው መጻፍ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርቲን ሴሊግማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈተሹት ይህንኑ የ3 ነገሮች ጽሑፍ ነው፤ ለአንድ ሳምንት በየምሽቱ የተሠራው ልምምድ ጥቅሙ እስከ 6 ወር ድረስ ታይቷል።

የሚበላሸው በአጻጻፉ ነው። «ለጤናዬ፣ ለቤተሰቤ፣ ለሥራዬ» ተብሎ በየቀኑ ከተገለበጠ ቶሎ ይደርቃል። «ክሩ እየተበጠሰ ሲያስቸግረኝ አጠገቤ ያለችው ልጅ የራሷን አቁማ ቦቢኔን አስተካከለችልኝ፤ ታርጌቴ ሳይጎድል ወጣሁ» የሚለው ግን ይሠራል፤ ማን፣ ምን፣ ለምን የሚለው ሁሉ አለበት። ተመስገን የሚሉትም ይበሉ፣ ደግ ነው፤ «ዛሬ ስለምን?» የሚለውን ብቻ ይጨምሩበት።

የሌሊት ፈረቃ ያላት ጠዋት ገብታ ከመተኛቷ በፊት ትሥራው፤ ከሰዓቱ ይልቅ ከእንቅልፉ ጋር መያያዙ ይጠቅማል። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በሳምንት አንድ ሁለቴ ይበቃል፤ ሲበዛ ግዴታ ይሆንና ስሜቱ ይጠፋል። መጻፍ የሚከብዳቸው የእረፍት ቀን ቡና ላይ በየተራ አንዳንድ ነገር ይናገሩ። አልናገርም ያለች አትገደድ።

የሥራ ጤና ባለሙያ
አንድ ነገር አደራ። ይህ ትምህርት «ሥራ ስላላችሁ አመስግኑና ዝም በሉ» ወደሚል እንዳይዞር። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የጾታ ትንኮሳ ቅሬታ በምስጋና አይፈታም፤ የአቤቱታውን መንገድ በዚያው ክፍለ ጊዜ ንገሯቸው። አለበለዚያ ልጆቹ ልምምዱንም አስተማሪውንም አያምኑም፣ ልክም ናቸው። «ከእኔ የባሰ አለ» እያሉ መጽናናትም የጥፋተኝነት ስሜት ስለሚያመጣ ባይለመድ ይሻላል።

ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመዘኑ ተመራማሪዎች በድብርትና በጭንቀት ላይ ያለውን ለውጥ አነስተኛ ብለውታል። ስለዚህ ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ምግብና እንቅልፍ ከጠፋ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሞት ማሰብ ከመጣ ግን በዚያው ቀን፣ ሰው አብሮ፣ ወደ ሪፈራል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድም እንዳያቋርጥ።

የታቦር ጤና
እግዜር ይስጥልን። «ምንም አልመጣልኝም» ብላ ባዶ ወረቀት ለምትይዝስ?

አማካሪ
ቀኑን ከእንቅልፍ ከነቃችበት ጀምራ በቅደም ተከተል ትከተለው፦ ውኃ መቅዳት፣ ቁርስ፣ ሰርቪስ፣ ማሽኑ ጋ መቀመጥ፣ ምሳ። በእያንዳንዱ ላይ «ማን ነበር? ምን ቀለለልኝ?» ብላችሁ ጠይቋት። አንድ ከተገኘ አንዱን ትጻፍ፤ «ሦስት ካልሞላ» አትበሏት።